ከመፈረም በፊት፦ የኤሌክትሪክ ሕክምና፣ መድኃኒት፣ መርፌ ወይስ ምክክር? ለጅማና ለአካባቢዋ ቤተሰቦች የንጽጽር መመሪያ

ሐኪሙ «ኢሲቲ ቢጀመርላት ይሻላል» ሲል (ኤሌክትሪክ በጭንቅላት በማሳለፍ የሚሰጠውን ሕክምና ማለቱ ነው) ታማሚዋ መሬት መሬቱን ታያለች፣ እናቷ ነጠላዋን አፏ ላይ ታደርጋለች፣ አጎቷ «ሾክ ነው እኮ! ጭንቅላቷን ሊያቃጥሉት ነው» ብሎ ይነሳል። ከአጋሮ፣ ከሰቃ ጨቆርሳ፣ ከሊሙ ገነት ወይም ከቦንጋ ድረስ ታማሚ ይዞ ጅማ የሚደርስ ቤተሰብ ይህን የሚያህል ነገር የሚወስነው ብዙ ጊዜ በአንድ ቀትር ነው፤ መንገድ አድክሞት፣ የሰማውን ወሬ ብቻ ይዞ።

ፍርሃቱ ከሜዳ የመጣ አይደለም። ሕክምናው እ.ኤ.አ. በ1938 ሮም ላይ በኡጎ ቼርሌቲና በሉቺዮ ቢኒ ሲጀመር ማደንዘዣ አልነበረውም። ታማሚው በቁሙ እያወቀ ይያዛል፣ ሰውነቱ በሙሉ ጉልበት ይንፈራገጣል፣ ጥርስ ይሰበራል፣ የጀርባ አጥንት ይሰነጠቃል። በኋላ ማደንዘዣና ጡንቻ የሚያላላ መድኃኒት ሲጨመርበት አሰጣጡ ጨርሶ ተለወጠ፤ ወሬው ግን የድሮውን እንደያዘ ቀረ።

በሌላ በኩል «ምንም የለውም፣ ትንሽ ራስ ምታት ነው» የሚለው ማባበያም እውነቱን ይሸፍናል። የታማሚዎችን አስተያየት የሰበሰበ፣ እ.ኤ.አ. በ2003 እንግሊዝ አገር የታተመ ጥናት ቢያንስ ሲሶው ታካሚ የቆየ የትውስታ ችግር እንደሚናገር አሳይቷል። ከሁለት ዓመት በኋላ የወጣው ተከታዩ ጥናት ደግሞ ግማሽ ያህሉ በቂ ማብራሪያ አልተሰጠንም ማለታቸውን፣ ሲሶ ያህሉም ወረቀት ፈርመው እንኳ በነጻ ፈቃዳችን ነው ብለው እንደማያምኑ ጽፏል። በነዚህ ጥናቶች አንድ ነገር ጎልቶ ይታያል፦ ጠያቂው ሐኪም ሲሆን የታካሚው እርካታ ከፍ ይላል፤ ጠያቂው ራሱ ታክሞ የሚያውቅ ሰው ሲሆን ዝቅ ይላል። ስለዚህ ሕክምናውን ያገኘ ሰው ካገኛችሁ ነርስ ባለበት አትጠይቁት። ውጭ፣ ሻይ ቤት ቁጭ ብላችሁ ጠይቁት።

በምን እንመዝን?

ወደ አማራጮቹ ከመግባታችን በፊት መመዘኛውን እንያዝ። የመጀመሪያው የበሽታው ዓይነት ነው። «የአእምሮ ሕመም» የሚለው ስም ድባቴን፣ ባይፖላርን (ስሜት ከልክ በላይ ከፍና ዝቅ የሚልበትን)፣ ስኪዞፍሬኒያን (የሌለ ድምፅ የሚያሰማውን፣ ከእውነታ የሚያርቀውን)፣ ካታቶኒያን (ሰውነት ደርቆ የሚቀርበትን) በአንድ ጆንያ ይከታል፤ ሕክምናቸው ግን ይለያያል። ሁለተኛው ጊዜ ነው፦ ስድስት ሳምንት መጠበቅ ይቻላል ወይስ ሦስት ቀንም አይቻልም? ሦስተኛው ሕክምናው የሚወስደው ነገር ነው፤ ትውስታ፣ ክብደት፣ የእጅ ጽናት ሊሆን ይችላል። አራተኛው ቤተሰብ የሚከፍለው፣ ምልልሱንና የአስታማሚውን ሥራ መፍታት ጨምሮ። አምስተኛው ሕክምናው ካለቀ በኋላ የሚመጣው። ስድስተኛው የታማሚው የራሱ ፈቃድ ነው። እኛ ይህን የመጨረሻውን ከሁሉም እናስቀድማለን፤ ያልተስማማበትን ሕክምና የሚጨርስ ሰው ጥቂት ነውና።

የኤሌክትሪክ ሕክምና (ኢሲቲ)

ለማን ይሆናል? መብላትና መጠጣት ላቆመ፣ ራሱን ለማጥፋት ቆርጦ ለተነሳ፣ ወይም በድባቴው ላይ «ውስጤ በስብሷል፣ ኃጢአቴ አይሰረይም» የሚል ምንም የማይነቀንቀው እምነት ለተጨመረበት ሰው። እንደ ድንጋይ ደርቆ ለሚቀረው፣ ክንዱን ሲያነሱለት እንደተነሳ ለሚተወው የካታቶኒያ ታማሚም በጣም ይረዳል፤ በመጀመሪያ ግን ሎራዜፓም ወይም ዲያዜፓም የሚባል የሚያረጋጋ መድኃኒት ይሞከራል፣ ብዙዎቹ በዚያው በሰዓታትና በቀናት ውስጥ ይፈታሉ። መድኃኒት ላልበገረው ማኒያ (ከልክ ያለፈ መነቃቃት)፣ ከወሊድ በኋላ ለሚመጣ ከባድ የአእምሮ መናወጥም ይታሰባል። ለቀላል ድባቴ፣ ለተራ ጭንቀት፣ ለጫት ሱስ አይሰጥም። ለእነዚህ ከታዘዘ ሌላ ሐኪም ጠይቁ።

ከባድ ድባቴ ካለባቸው ከ10 ሰዎች ከ6 እስከ 8 የሚሆኑት ይሻላቸዋል። ለውጡም በአንድና በሁለት ሳምንት ይታያል። በፍጥነት የሚስተካከለው የድባቴ መድኃኒት ጥቂት ነው።

ጠዋቱ ምን ይመስላል? ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ምግብ የለም። ንጹሕ ውኃ ለሕክምናው ሁለት ሰዓት ያህል እስኪቀረው ድረስ ሊፈቀድ ይችላል፤ የማደንዘዣ ባለሙያውን ሳይጠይቁ ግን ቡናም ቢሆን አይጠጣም። ሆድ ሞልቶ ማደንዘዣ ከተሰጠ ያስታውክና ወደ ሳንባ ይገባል፣ ለሞት የሚያደርሰው ይህ ነው። ጫት ከዋዜማው ጀምሮ መቅረት አለበት፤ የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ ሕክምናው ራሱ ለደቂቃዎች ሁለቱንም ስለሚያስነሳ ይደራረባሉ። ቅሞ ከሆነ ይናገር፣ ማንም አይቆጣውም፤ ቀጠሮው በአንድ ቀን ቢዛወር ይሻላል። ፀጉር በዋዜማው ይታጠባል። ቅቤ ወይም ቅባት ያለበት ራስ ላይ ኤሌክትሪኩን የሚያስተላልፈው ኤሌክትሮድ በደንብ ስለማይገናኝ ቆዳን ሊያቃጥል ይችላል። ሹሩባ ከጆሮ ግንዱ በላይ ካለፈ ይፈታል። ሰው ሠራሽ ጥርስ ይወጣል፣ የሚነቃነቅ ጥርስ ካለ አስቀድሞ ይነገራል፣ ሽንት ይሸናል።

ከዚያ በኋላ ያለው አጭር ነው። በክንድ ሥር ቀጭን ቱቦ ይገባል፣ የልብ ምትና ግፊት መለኪያው ይታሰራል፣ ኦክስጅን ይሰጣል። ማደንዘዣው ይወጋል፣ በአንድ ደቂቃ ገደማ እንቅልፍ ይይዛል። ጡንቻ የሚያላላው መድኃኒት ከመሰጠቱ በፊት አንድ ቁርጭምጭሚት ላይ የግፊት መለኪያ ጨርቅ ተነፍቶ ይጠበቃል። ምክንያቱን ብዙ ቤተሰብ አይነገረውም፦ መድኃኒቱ ወደዚያ እግር እንዳይደርስ ይከለክላል፣ ሌላው ሰውነት ጸጥ ሲል ያ አንድ እግር ብቻ ስለሚንቀጠቀጥ ሐኪሙ ጊዜውን ይቆጥራል። በጥርስ መካከል ላስቲክ ይገባል። ኤሌክትሪኩ የሚያልፈው ለጥቂት ሰከንዶች ነው፤ በአንጎል ውስጥ የሚነሳው ንዝረት ከ20 እስከ 60 ሰከንድ ይቆያል። እስትንፋሱ እስኪመለስ ድረስ በእጅ በሚጨመቅ ኳስ ኦክስጅን ይገፋለታል። ከማደንዘዣው መርፌ እስከ መንቃት ሩብ ሰዓት ቢሆን ነው። ሲነቃ «የት ነው ያለሁት?» ብሎ አምስት ጊዜ ሊጠይቅ ይችላል። አምስቱንም ጊዜ በለሆሳስ ስሙን፣ ቦታውንና ቀኑን ንገሩት። ሙሉ በሙሉ ሲነቃ ሻይና ዳቦ ይሰጠዋል። በዚያ ቀን ሞተር ሳይክልም ባጃጅም አይነዳም።

ይህ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ፣ በጠቅላላ ከ6 እስከ 12 ጊዜ ይደረጋል።

የሚበላሸው የት ነው? አንደኛ፣ ንዝረቱ ሳይነሳ ወይም ከ15 ሰከንድ ሳይሞላ ሲቀር። አብዛኛውን ጊዜ ሰበቡ ማታ የተዋጠ ዲያዜፓም፣ ወይም ቫልፕሮኤትና ካርባማዜፒን ነው፤ ሁሉም ንዝረትን ይከላከላሉ። ስለዚህ ከፋርማሲ የተገዛውንም፣ ከጎረቤት የተለመነውንም፣ የባህል መድኃኒቱንም በፌስታል ሰብስባችሁ ለሐኪሙ አሳዩ። ራሳችሁ ግን አታቁሙ። ሁለተኛ፣ ራስ ምታትና የመንጋጋ ሕመም፤ ፓራሲታሞል ይበቃቸዋል። ሦስተኛ፣ የሰው ሁሉ ሥጋት የሆነው ትውስታ።

ትውስታን ለይተን እንናገር። ሕክምናው በሚሰጥባቸው ሳምንታት አዲስ ነገር መያዝ ያስቸግራል፤ ይህ በአብዛኛው በሳምንታት ውስጥ ይመለሳል። ከሕክምናው በፊት የነበሩ ወራት፣ አንዳንዴም ከዚያ የራቁ የግል ትዝታዎች ግን ተቆርጠው ሊቀሩ ይችላሉ፤ ሠርግ፣ ለቅሶ፣ ውል። መጠኑ እንደ አሰጣጡ ይለያያል። ኤሌክትሮዱ በሁለቱም ጆሮ ግንድ ሲደረግ ፈጥኖ ይሠራል፣ ትውስታን ግን የበለጠ ይነካል። በቀኝ በኩል ብቻ ሲደረግና መጠኑ በበቂ ሲሰላ ጉዳቱ ይቀንሳል። በሳምንት ሁለት ጊዜ ከሦስት ጊዜ ይልቅ ለትውስታ ይቀላል። «በየት በኩል ነው የምታደርጉት?» ብሎ መጠየቅ የታማሚ መብት ነው።

ከመጀመሪያው ቀን በፊት አንድ ደብተር ግዙ። ማን ስንት ብር እንዳለበት፣ የቡናው ሒሳብ ከማን ጋር እንደሆነ፣ የይዞታ ደብተሩ የት እንደተቀመጠ፣ የልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ እስከ መቼ እንደተከፈለ ታማሚው በገዛ እጁ ይጻፍበት። የስልክና የባንክ ምሥጢር ቁጥሩን እሱ የመረጠው አንድ ሰው ይያዝለት። ሕክምናው እስኪያልቅና ከዚያም ጥቂት ሳምንታት እስኪያልፉ መሬት መሸጥ፣ ውል መፈረም አይገባም።

የሞት አደጋው ከ100,000 ሕክምና 2 ገደማ ሲሆን ከቀላል ቀዶ ጥገና ማደንዘዣ ጋር ይቀራረባል። በአንጎል ውስጥ ዕጢ ወይም የግፊት መጨመር ላለበት፣ በቅርቡ የልብ ድካም ወይም ስትሮክ ለመታው ግን አደጋው በጣም ይጨምራል። እርግዝና በራሱ አይከለክልም፤ የማህፀን ሐኪም አብሮ ማየት አለበት።

አንድ ነገር ላይ እንጸናለን፦ ያለ ማደንዘዣ አይሆንም። የዓለም ጤና ድርጅትም ሕክምናው ከተሰጠ በማደንዘዣና ጡንቻ በሚያላላ መድኃኒት፣ በታካሚው ሙሉ ፈቃድ ብቻ እንዲሆን፣ ለሕፃናትም እንዳይሰጥ ይላል። «ማደንዘዣው አልቋል፣ እንዲሁ እንስጠው» ከተባለ አትፈርሙ፤ ሪፈር ጠይቁ። ማሽንና ማደንዘዣ በአንድ ሰሞን ኖሮ በሌላው ስለሚጠፋ ከገጠር ከመነሳታችሁ በፊት ስልክ ደውሉና በዚህ ሳምንት አገልግሎቱ በማደንዘዣ መሰጠቱን አረጋግጡ።

ማብራሪያው ታማሚው በሚያስብበት ቋንቋ ይሁን። አፋን ኦሮሞ ለሚናገር ሰው በአማርኛ የተነበበ ቅጽ ማብራሪያ አይባልም። አስተርጓሚውም ሕክምናውን አጥብቆ የሚፈልገው ወይም የሚቃወመው ዘመድ ባይሆን ይመረጣል። የፈረመ ሰው በሦስተኛው ቀን «ይብቃኝ» ቢል ይሰማል።

የሚዋጥ መድኃኒት

ለአብዛኛው ታማሚ መነሻው ይህ ነው። ለድባቴ ፍሉኦክሰቲን በጠዋት 20 ሚሊግራም፣ ወይም አሚትሪፕቲሊን በማታ ከ25 ሚሊግራም ጀምሮ ቀስ እየተባለ ይጨመራል። ለውጡ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት፣ ሙሉው ደግሞ እስከ ስድስትና ስምንት ሳምንት ይፈልጋል። ከሸፈባቸው ከምንላቸው ብዙዎቹ መድኃኒቱ አልከሸፈባቸውም፤ በሁለተኛው ሳምንት «አልሠራም» ብለው ትተውታል፣ ወይም በ25 ሚሊግራም ላይ ለወራት ቆይተዋል። «መድኃኒት አልበገረውም» የሚባለው ሁለት የተለያዩ መድኃኒቶች በበቂ መጠን፣ እያንዳንዳቸው ስድስት ሳምንት ያህል በአግባቡ ተወስደው ሳይሠሩ ሲቀሩ ነው። ከዳነ በኋላም ቢያንስ ከ9 እስከ 12 ወር ይቀጥላል። አሚትሪፕቲሊን በብዛት ከተዋጠ ልብን ያቆማል፤ ራሱን ስለማጥፋት የሚያወራ ሰው ቤት የወር ኪኒን አይቀመጥም፣ የሳምንቱን ሌላ ሰው ይያዘው።

ለስኪዞፍሬኒያና ለማኒያ ሃሎፔሪዶል፣ ክሎርፕሮማዚን፣ ሪስፔሪዶን ይሰጣሉ። ሃሎፔሪዶል በተጀመረ በመጀመሪያዎቹ ቀናት አንገት ሊጣመም፣ መንጋጋ ሊቆለፍ፣ ዓይን ወደ ላይ ሊሰቀል ይችላል። ይህን ያየ ቤተሰብ «ጂኒው ተነሳበት» ብሎ መድኃኒቱን ጥሎ ይሮጣል። የመድኃኒቱ ጠባይ ነው፤ ትራይሄክሲፈኒዲል (አርቴን) ወይም ተመጣጣኝ መርፌ ሲሰጥ በሰዓት ውስጥ ይለቃል። በዚያው ሌሊት ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።

ለባይፖላር ሊቲየም ጥሩ መድኃኒት ነው፤ ነገር ግን በደም ውስጥ ያለው መጠን በላቦራቶሪ መለካት አለበት። ሰውነት ውኃ ሲያጥረው ይመርዛል፤ ተቅማጥ፣ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ መንገዳገድ ምልክቶቹ ናቸው። ረመዳንን የሚጾም ሰው ጾሙ ከመግባቱ ሳምንታት ቀደም ብሎ ሐኪሙን ያማክር። ቫልፕሮኤት በጽንስ ላይ ከባድ ጉዳት ስለሚያደርስ ለመውለድ ዕድሜ ላይ ላሉ ሴቶች በተቻለ መጠን አይመረጥም።

የወር መርፌና ክሎዛፒን

ኪኒን ለሚደብቅ ወይም ለሚረሳ የስኪዞፍሬኒያ ታማሚ ፍሉፌናዚን ዴካኖኤት በየሁለት እስከ አራት ሳምንቱ ይወጋል። ከሩቅ ለሚመጣ ሰው ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ የጤና ጣቢያው ነርስ ልትወጋው ትችላለች። ጉዳቱ አንዴ ከገባ መልሶ ማውጣት አለመቻሉ ነው፤ ጡንቻ ካገተረ ለሳምንታት ያገትራል።

ሁለት መድኃኒት ላልበገረው ስኪዞፍሬኒያ ተራው የክሎዛፒን ነው፤ ኢሲቲ ከእሱ በፊት አይቀድምም፣ ሲያስፈልግ ይታከልበታል። ክሎዛፒን የነጭ ደም ሕዋስን ሊያጠፋ ስለሚችል በመጀመሪያዎቹ 18 ሳምንታት በየሳምንቱ የደም ምርመራ ይጠይቃል። ትኩሳትና የጉሮሮ ሕመም ከመጣ በዚያው ቀን ደም ይመርመር። የሆድ ድርቀቱም አይናቅ፤ አንጀት እስከ መዝጋት ይደርሳል።

ምክክር (የንግግር ሕክምና)

ለቀላልና መካከለኛ ድባቴ ከመድኃኒት አያንስም። በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ከ8 እስከ 16 ጊዜ ይካሄዳል። ለከባዱ ብቻውን አይበቃም። ምግብ ካቆመ ሰው ጋር መመካከር አይቻልም፤ ሲነሳ ግን ዳግም እንዳይወድቅ ይረዳዋል።

ጸበል፣ ጸሎት፣ ዱዓ

ጸበልንና ዱዓን ከሌሎቹ ጋር ሚዛን ላይ አናስቀምጥም። ታማሚው የሚጽናናበት ከሆነ ይቀጥል። የምንጠይቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ መድኃኒቱ አይቋረጥ፣ ታማሚውም አይታሰር፣ አይራብ። ካህኑን ወይም ሼሁን «ኪኒኑን እየወሰደ ይጸለይለት» ብሎ ማነጋገር ብዙ ጊዜ ይሠራል፤ እነሱ ሲፈቅዱ ታማሚውም ልቡ ያርፋል።

በአንድ እይታ

| አማራጭ | በተለይ የሚስማማው | ለውጥ የሚታየው | ዋናው ጉዳት | ወጪና ድካም | ሲያበቃ |
|---|---|---|---|---|---|
| ኢሲቲ በማደንዘዣ | ለሕይወት ለሚያሰጋ ድባቴ፣ ለካታቶኒያ | ከ1 እስከ 2 ሳምንት | ትውስታ | ከ2 እስከ 6 ሳምንት ጅማ መቆየት፣ አስታማሚ | ያለ መድኃኒት ብዙው ያገረሻል |
| የድባቴ ኪኒን | ለመካከለኛና ለከባድ ድባቴ | ከ2 እስከ 8 ሳምንት | የአፍ ድርቀት፣ የሆድ መረበሽ፤ ከመጠን በላይ ከተዋጠ አደጋ | ዝቅተኛ፣ በየወሩ ምልልስ | ከ9 ወር በፊት ካቆመ ያገረሻል |
| የወር መርፌ | ኪኒን ለሚያቋርጥ | ሳምንታት | የጡንቻ መገተር | ዝቅተኛ፣ ጤና ጣቢያ ይበቃል | ቀስ ብሎ ይወጣል |
| ክሎዛፒን | ሁለት መድኃኒት ላልበገረው ስኪዞፍሬኒያ | ከሳምንታት እስከ ወራት | የነጭ ደም ሕዋስ መውረድ፣ ክብደት | ከፍተኛ፣ የደም ምርመራ | በድንገት ማቆም አደገኛ ነው |
| ምክክር | ለቀላልና መካከለኛ ድባቴ | ከ4 እስከ 8 ሳምንት | እምብዛም | ሳምንታዊ ምልልስ | የተማረው ይቆያል |

እንደየሁኔታው

ታማሚው ከበላ ቀናት ካለፉት፣ ውኃም እምቢ ካለ፣ ወይም ገመድና መርዝ እየፈለገ ከተገኘ የሪፈር ወረቀት አትጠብቁ፤ ዛሬውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል። እንዲህ ላለው ኢሲቲ የመጨረሻ አማራጭ ነው ብሎ ማዘግየት ስሕተት ነው፣ ቀድሞ ሊመጣ ይገባል።

ለመጀመሪያ ጊዜ የታመመ፣ እየተኛም ባይሆን እየበላ፣ ሥራው እየከበደው የሚሄድ ሰው ደግሞ ከአካባቢው ጤና ጣቢያ ይጀምር። የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ያለው ወደ ሆስፒታል የሚሄደው ከጤና ጣቢያው ሪፈር ይዞ ነው፤ ያለ ወረቀቱ ከኪሱ ይከፍላል። ገንዘቡ ውስን ከሆነ ኪኒንና ምክክር ይበቁታል።

አስተማሪ፣ ተማሪ፣ ሒሳብ ያዥ ወይም በመርካቶ ዱቤውን በጭንቅላቱ የሚይዝ ነጋዴ ከሆነና ጊዜ ካለው ሁለተኛውን መድኃኒት ይሞክር። ጊዜ ከሌለውና ኢሲቲ ካስፈለገ በቀኝ በኩል ብቻ፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ ይጠይቅ፤ ደብተሩንም አስቀድሞ ይሙላ።

ከሩቅ የሚመጣ ቤተሰብ ወጪውን ሲያሰላ የሕክምናውን ዋጋ ብቻ አይቁጠር። ከ6 እስከ 12 ጊዜ ማለት የአንድ አስታማሚ የአንድ ወር ገደማ ሥራ መፍታት ነው። በቡና ለቀማ ወራት ደግሞ ይህ የዓመቱን ገቢ ይነካል። ተኝቶ መታከሙ ከምልልስ ይርከስ እንደሆነ አስቀድማችሁ አስሉ፣ ሁለት አስታማሚዎችን በተራ መድቡ። አጋማሽ ላይ ገንዘብ አልቆ ወደ ቤት መመለስ ከሁሉ የከፋው ነው፤ ታማሚው የተሻለው መስሎት ይሄዳል፣ በወሩ ይወድቃል፣ መንደሩም «ሾክ አይሠራም» ይላል።

ሁሉም ሰው የሚረሳው ከመጨረሻው ቀን በኋላ ያለውን ነው። ኢሲቲ የያዘውን ድባቴ ያነሳል፣ የሚመጣውን አይከለክልም፤ ምንም መድኃኒት ካልተከተለው አብዛኛው በ6 ወር ውስጥ ያገረሽበታል። ስለዚህ ከሆስፒታል ከመውጣታችሁ በፊት ሦስት ነገር በወረቀት ይዛችሁ ውጡ፦ የሚቀጥለውን መድኃኒት ስምና መጠን፣ በሳምንት ውስጥ የሚደረገውን የክትትል ቀጠሮ፣ ለጤና ጣቢያው የተጻፈ መልሶ መላኪያ። መድኃኒቱ በአካባቢያችሁ ፋርማሲ ይገኝ እንደሆነ እዚያው ሆናችሁ ደውሉ። የማይገኝ ከሆነ ለሁለት ወር የሚበቃውን ጅማ ላይ ገዝታችሁ፣ ኪኒኑን ማን እንደሚይዘው ተስማምታችሁ ወደ መናኸሪያ ሂዱ።